ፓሪቶሽን ያጠናው ሮቦት

[ካልካታ፤ የውሃ መሥሪያ ቤት፣ የአዲስ መስመር ማመልከቻ ክፍል። ዛሬ የቪሽዋካርማ በዓል ነው፤ የሥራ ዕቃ ሁሉ ተወልውሎ፣ አበባ ተደርጎለት የሚያርፍበት ቀን። አንጋፋው ጸሐፊ ፓሪቶሽ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ሻዩን ይጠጣል። የጎን ጠረጴዛው ባልደረባ ናኩል ቢጫ የአበባ ጉንጉን ይዞ ይንከራተታል።]

ናኩል፦ እኮ የቱ ጋ ልስቀለው?

ፓሪቶሽ፦ ስክሪኑ ላይ ነዋ!

ናኩል፦ ለስክሪኑማ የራሱን አድርጌለታለሁ። ይሄ የሮቦቱ ነው። አንገቱ የት ጋ ነው?

ፓሪቶሽ፦ ወይ ጣጣዬ! አንገት የለውም! ፕሮግራም ነው፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ፕሮግራም!

ናኩል፦ ታዲያ ወር ሙሉ “ጎኔ ሆኖ ሥራዬን ያያል” ሲሉኝ የነበረው?

ፓሪቶሽ፦ ያያል ማለት የምንጫነውን ቁልፍ ሁሉ ይቀዳል ማለት ነው። አንተን የቀጠረህ ሰውዬ የዚያን ዕለት መነጽሩን ቤቱ ረስቶ ነው የመጣው መሰለኝ።

ናኩል፦ ማተሚያው አበባ አግኝቷል። ስቴፕለሩ አግኝቷል። የደረጃው አምፖል ሳይቀር አግኝቷል። እሱን ብቻ ብንዘለው ቅር አይለውም?

ፓሪቶሽ፦ ቅር ይበለው! እንጀራችንን ሊነጥቅ ለመጣ ነገር ደግሞ አበባ! አውጥተህ ለበረኛው ብስክሌት አድርግለት።

[ናኩል ጉንጉኑን በመስኮት ለበረኛው ያቀብላል።]

ናኩል፦ ፓሪቶሽ ዳ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? የድሮው ሲስተም ካስቸገረ አዲስ አይገዙም ነበር?

ፓሪቶሽ፦ እንዴት ተደርጎ? ከዚያማ ሥራ ይሆንባቸዋላ! ይሄን ጥቁር መስኮትና አረንጓዴ ፊደል የሠሩት ሰዎች ግማሾቹ ጡረታ ወጡ፣ ግማሾቹ አረፉ። ደፍሮ የሚነካው ጠፋ። እና ታላላቆቹ ስንት ስብሰባ ተቀምጠው ምን ወሰኑ መሰለህ? “አንጠግነውም፣ አንጥለውም፤ በላዩ ላይ እንደ ጸሐፊ ቁልፍ የሚጫን ሮቦት እንጫንበት።” ሊቆች!

ናኩል፦ የታመመ ሰው ላይ ጤነኛ ሰው እንደመጫን በሉት።

ፓሪቶሽ፦ ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ፣ ትክክል ተናገርክ። ግን ዋናው እሱ አይደለም። ሮቦቱ የሁለታችንንም ሥራ እንዲያጠና ተደርጓል። ማጥናት የቻለው የማንን ነው? የዚያ ሰው ወንበር ይነሳና ሰውዬው ረግረጉ ደሴት ላይ ወዳለው ፓምፕ ጣቢያ ይላካል።

ናኩል፦ ነብር አለበት የሚባለው?

ፓሪቶሽ፦ ነብሩስ ይብላኝ! በብርዱ ወራት ልጄን ልድር ነው። የሙሽራው አባት ቤቴን ያከበረው “የካልካታ ቢሮ ሰው” ብሎ ነው። ረግረግ ውስጥ ፓምፕ ጠባቂ ሆንኩ ብዬ ልንገረው? እውነቴን ነው የምልህ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ናኩል፦ ውይ ፓሪቶሽ ዳ…

ፓሪቶሽ፦ ለእኔ አትዘን፤ መላ መትቻለሁ። ለራስህ እዘን። አንተ ምን አስተማርከው?

ናኩል፦ ያው የምሠራውን።

ፓሪቶሽ፦ ሁሉንም?

ናኩል፦ ሁሉንም።

ፓሪቶሽ፦ አይ ሞኝ! ዕቃህን እኮ በራስህ እጅ ሸክፈሃል!

ናኩል፦ እርስዎስ?

ፓሪቶሽ፦ [ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ይቀንሳል] አሳበድኩት! አንድ ማመልከቻ ከፈትኩ፣ ትንሽ አየሁት፣ ዘጋሁት። ሻይ ጠጣሁ። ሌላ ከፈትኩና “ፎቶ ኮፒ ይጎድላል” ብዬ ለባለጉዳዩ በስልኩ መልእክት ላክሁ። ፎቶ ኮፒውን ሲያመጣ “ዋናውን ያምጡ” አልኩት። ዋናውን ሲያመጣ “ነገ ይሞክሩ።” ከዚያ ምሳ። ወር ሙሉ ለአንድም ሰው ውሃ አላስገባሁም!

ናኩል፦ እሱማ የሁልጊዜ ሥራዎ አይደለም እንዴ?

ፓሪቶሽ፦ ነው፤ አሁን ግን ሆን ብዬ ነው! ልዩነቱ አይገባህም። ይሄን የተማረ ሮቦት ለምን ይጠቅማቸዋል? ጥለውት ነው የሚሄዱት። ውጤቱ ይውጣና ታየዋለህ።

ናኩል፦ ወጥቷል እኮ። ጠዋት አለቃችን ማዳም ሚትራ ቢሯቸው ጠርተው ነገሩኝ።

ፓሪቶሽ፦ [ሻዩ ትን ይለዋል] ወጥቶ ነው አምፖል አበባ ስታለብስ የምትውለው?

ናኩል፦ አልጠየቁኝማ።

ፓሪቶሽ፦ ተናገር!

ናኩል፦ መጀመሪያ የእኔን ነገሩኝ። ሮቦቱ ወር ሙሉ አይቶኝ ምን እንደምሠራ አልገባውም። አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን እከፍታለሁ፤ ስሙ የአጎቴን ስም የሚመስለውን ሰው አስቀድማለሁ፤ ያሳለፍኩትን እሰርዝና መልሼ አሳልፋለሁ። በመጨረሻ “ሥርዓት አልተገኘም” ብሎ ጽፎ ቆመ አሉ።

ፓሪቶሽ፦ [ጭኑን እየመታ ይስቃል] ማሽን እንኳ መሰከረብህ! በቃ፣ ወፍራም አጎበር ግዛ። ነብሩ ግን አይዞህ፣ አይነካህም፤ ምን እንደሆንክ እሱም አይገባውም!

ናኩል፦ ኧረ እኔስ እቀራለሁ። “ማሽን ያልቻለውን ሥራ ሰው ነው የሚሠራው” አሉኝ።

[ፓሪቶሽ ሳቁን ያቆማል።]

ፓሪቶሽ፦ የእኔንስ? የእኔንማ ጭራሽ አይችለውም።

ናኩል፦ እርስዎንማ አንድ ነገር ሳይስት ይዞዎታል።

ፓሪቶሽ፦ ይያዘኛ! አንድ መስመር እንኳ አያስገባም!

ናኩል፦ እርስዎም አያስገቡም። ማዳም ሁለታችሁን ጎን ለጎን አድርገው አዩና እኩል ሆናችሁባቸው። ሻይ ሰዓት ላይ እሱም ያቆማል፤ ግን ሻዩን አይጠጣም። “ትርፋችን እሱ ነው” አሉ።

ፓሪቶሽ፦ ሕዝቡ! ሕዝቡ ዝም አይልም! ሰው ተነስቶ ሮቦት እንደተቀመጠለት ሲያውቅ መስኮቱን ሰብሮ ነው የሚገባው!

ናኩል፦ ሥራ ከጀመረ እኮ ሳምንት አለፈው። በእርስዎ ስም ነው የሚጽፈው። ማንም አልጮኸም። እንዲያውም አንድ ሽማግሌ “ጌታው ፓሪቶሽ ባቡ ሰሞኑን ጠባያቸው ተሻሽሏል” ብለው ምስጋና ልከዋል።

ፓሪቶሽ፦ ውሸት! ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ስሠራ የነበርኩት እኔ ነኝ!

ናኩል፦ የእርስዎ ኮምፒውተር መስመሩ የተነቀለው እኮ ያን ጊዜ ነው። “መቼ ነው ተበላሸብኝ የሚለኝ?” ብለው ማዳም ሲጠብቁዎት ነበር።

[ፓሪቶሽ ከጠረጴዛው ስር ይጎነበሳል። የተነቀለ ገመድ ይዞ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።]

ፓሪቶሽ፦ ናኩል… ለልጄ ምን ብዬ ነው የምነግራት? ምነው፣ አንድ ሰው እንኳ አልተከራከረልኝም?

ናኩል፦ እኔ ተከራክሬያለሁ! “ኧረ ማዳም፣ ፓሪቶሽ ዳ ሳምንቱን ሙሉ መስኮቱ ላይ ሆነው ለመጣው ባለጉዳይ ሁሉ ‘ሲስተም የለም፣ ሲስተም የለም’ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሥራ አልፈቱም” አልኳቸው።

ፓሪቶሽ፦ [ተስፋ አድርጎ] ተባረክ! እና ምን አሉ?

ናኩል፦ “ሥራ ከገባ ጀምሮ እውነት የተናገረው ገና አሁን ነው” አሉ።