የፈላ ውሃ ባለመብቷ

የወይዘሮ ጌኖቬፋ እጆች ሎሚ እየቆረጡ ነው። አውቶቡሱ ጠመዝማዛውን መንገድ ይዞ ወደ ታትራ ተራሮች ሽቅብ ያቃስታል፣ መስኮቱ በበረዶ ተጋግሯል፣ እሳቸው ግን ጉልበታቸው ላይ ጨርቅ ዘርግተው ሎሚውን እንደ ወረቀት ያሳሱታል። አንድ ረድፍ ሎሚ፣ አንድ ረድፍ ስኳር፣ ደግሞ ሎሚ፤ ጠርሙሱ እስኪሞላ ድረስ። ቦርሳቸው ውስጥ የሻይ ቅጠል አለ፣ የቆርቆሮ ኩባያ አለ፣ ማንኪያ አለ፣ ፔርሙስ አለ። ከሻይ የጎደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፈላ ውሃ። እሱን ደግሞ ተራራው ይሰጣቸዋል። መስጠት አለበት!

በዚህ አገር በበረዶ ወራት ተራራ የወጣ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ከእሳቸው ጋር ተጋጭቷል። ከእሳቸው ጋር ካልሆነም ከእህታቸው ጋር፤ የሥጋ እህት ማለቴ አይደለም። በየተራራው ማረፊያ ቤት፣ ምግብ ከሚሸጥበት መስኮት ፊት፣ የሹራብ ቆብ ያጠለቁ፣ ከራሳቸው የሚከብድ ቦርሳ ያዘሉ፣ ሰልፉን ግንድ ሆነው የዘጉ አንዲት ሴት አይጠፉም። የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ጌኖቬፋ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ትራም ሲነዱ ኖረዋል። ትራም ከሐዲዱ አይወጣም፤ እሳቸውም እንደዚያው ናቸው።

ጉዞው ገና ከብሔራዊ ፓርኩ በር ላይ በነገር ይጀመራል።

«ሙሉ ዋጋ ነው የምታስከፍለኝ?» ይሉታል ትኬት ቆራጩን። «ድቦቹ የበረዶውን ወራት ሁሉ ተኝተው?»

«እማማ፣ ድብ ለማየት ነው እንዴ የመጡት?»

«እኔማ ባላየውም ነቅቶ እየጠበቀኝ ነው ብዬ ነበር የምከፍለው። አሁን እያንኮራፋ ነው።»

ከፍለው ያልፋሉ፤ የጉዞ ጓደኛቸው እኔም እከተላቸዋለሁ። ከበሩ አለፍ እንዳልን ደግሞ ፈረስ የሚጎትተው ተንሸራታች ጋሪ ይመጣል። ተሳፋሪዎቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ጉንጫቸው ቀልቶ፣ ይዘፍናሉ። ወይዘሮ ጌኖቬፋ መንገድ መሃል ይቆማሉ።

«እግዜር ሁለት እግር ሰጥቶህ በፈረስ አራት እግር ትሄዳለህ?»

«ማዘር፣ ይምጡ ይሳፈሩ፤ ቦታ አለ!» ይላል አንዱ ጎረምሳ።

«እኔ ውሃዬን በእግሬ ነው የማገኘው!»

ጎረምሳው ግራ ተጋብቶ ወደ እኔ ያያል። እኔ ደግሞ ጥድ የማይ መስዬ ፊቴን አዞራለሁ። ምን ላድርግ? ሕጉን ለጋሪ ተሳፋሪ ማስረዳት ረጅም ነገር ነው።

ሕጉ ራሱ ግን አጭር ነው። በእግሩ ማረፊያ ቤት የደረሰ ሰው ሁሉ የፈላ ውሃ በነጻ ይቀዳለታል። ማን እንደ ደነገገው አላውቅም፤ አባቶቻችን ሲቀዱ አይተናል፣ እኛም ቀድተናል። ከቤት ይዘነው የመጣነው ሻይ ዳገቱ ላይ ያልቃል። ላይ ደርሰን ፔርሙሱን ካልሞላን ቁልቁለቱን በቀዘቀዘ አንጀትና በደነዘዘ እጅ መውረድ ነው፤ በእኛ ዕድሜ ደግሞ እንዲህ ተደርጎ አይወረድም። ሾርባና ኬክ እየገዙ መሞቅ በጡረታ ገንዘብ በየእሁዱ የሚቻል አይደለም። እንግዲህ ውሃው ከተዘጋ ለወይዘሮ ጌኖቬፋ የተዘጋው ተራራው ራሱ ነው።

አምና ታዲያ ዘጉት።

እኛ የምንወጣበትን ማረፊያ ኮርዲያን የሚባል ጎልማሳ ተከራየው። ጺሙ የተበጠረ፣ ንግግሩ ለስላሳ፣ ከከተማ ቡና ቤት የመጣ ሰው ነው። በመጀመሪያው ወር መጋረጃ ቀየረ፣ ዝም አልን። አግዳሚ ወንበሮቹን አንስቶ የሚያምሩ ትንንሽ ወንበሮች አመጣ፤ የእኛ መቀመጫ ግማሹ አየር ላይ ቀረ፣ አሁንም ዝም አልን። በመጨረሻ መስኮቱ ላይ ወረቀት ለጠፈ፤ «የፈላ ውሃ ለተመጋቢ ብቻ።»

ለበረዶ መንሸራተት የመጣው ሕዝብ ማረፊያውን ያጨናነቀበት እሁድ ነበር። ወይዘሮ ጌኖቬፋ ሰልፉን በትዕግሥት ጠብቀው መስኮቱ ጋ ደረሱ።

«ምን ልታዘዝ፣ እማማ?»

«የፈላ ውሃ።»

«ከምን ጋር?»

«ከፔርሙስ ጋር።»

«ማለቴ፣ ምን ይበላሉ? የጎመን ሾርባ አለ፣ የፖም ኬክ አለ።»

«ዳቦዬን ይዣለሁ። እንቁላሌንም ይዣለሁ። አንተ ውሃውን አምጣ።»

«ወረቀቱን አላነበቡትም እንዴ?»

«አንብቤዋለሁ። አንተ ነህ የጻፍከውን ያላነበብከው።»

«እማማ፣ ውሃ እኮ በመብራት ነው የሚፈላው። መብራት ደግሞ ይከፈልበታል።»

«ዛሬ የበረደውን መንገደኛ ውሃ የከለከለ ሰው፣ ነገ አየሩን በኩባያ ይሰፍርልናል!»

ከኋላችን ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። የመንሸራተቻ ጫማውን እንኳ ያላወለቀ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ «እኔ ኬክ ልግዛልዎና ውሃውን ይውሰዱ፤ ብቻ በፈጠረዎት ይለፉ!» አለ።

ወይዘሮ ጌኖቬፋ ቀስ ብለው ዞሩ። «ልጄ፣ ምጽዋት አልጠየቅሁም። የፈላ ውሃ ነው የጠየቅሁት።»

እኔም እጅጌያቸውን ጎተትኩ። «ይተዉ በናትዎ፤ ሾርባውን እኔ እገዛለሁ።»

«አንቺ ዛሬ ሾርባ ከገዛሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁላችንም ሾርባ ገዢዎች ነን» አሉኝና ከሰልፉ ወጡ።

ተሸንፈው የወጡ መስሎኝ ቦርሳዬን አነሳሁ። እሳቸው ግን በሩን ከፍተው ወደ ውጭ ሄዱ፣ የቆርቆሮ ኩባያቸውን በበረዶ ጢም አድርገው ሞልተው ተመለሱ፣ በክፍሉ መሃል ካለው የሸክላ ምድጃ ላይ፣ ከሚደርቁት ጓንቶችና ካልሲዎች መካከል አስቀመጡት። ከዚያ እጃቸውን አጣምረው ከፊቱ ተቀመጡ።

«እማማ፣ ይህ ምድጃ እኮ ካልሲ እንኳ በቅጡ አያደርቅም» አለች አንዲት ተማሪ እየሳቀች። «መቼ ሊፈላ ነው?»

«ለፋሲካ ይደርሳል።»

«እስከ ፋሲካ እዚህ ሊቀመጡ ነው?»

«ዳቦዬን ይዣለሁ አልኩ እኮ።»

ልጅቷ መሳቋን አቆመች። ኩባያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ወጣች፣ በረዶ ሞልታ መጣች፣ ከወይዘሮ ጌኖቬፋ ኩባያ አጠገብ አስቀመጠች። ጓደኞቿ ተከተሏት። ከእነሱ ቀጥሎ አንድ አባት ከነልጆቹ መጣ። ጥቂት ሳይቆይ ካልሲው ሁሉ ተገፍቶ ምድጃው በኩባያ ተሸፈነ። ያ የኬክ ሰውዬ እንኳ የፔርሙሱን ክዳን ይዞ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

በረዶ ግን ሲቀልጥ ይንጠባጠባል። ሕዝቡም በወጣ በገባ ቁጥር በጫማው የያዘውን እያራገፈ ነው። ወለሉ ኩሬ ሆነ። በዚህ ጊዜ የወጥ ቤቱ በር ተበርግዶ አኒየላ ብቅ አለች። አኒየላ የተራራው ሰፈር ተወላጅ ናት፤ ምግብ የምታበስለውም ወለል የምትወለውለውም እሷው ነች።

«ማን ነው ወለሌን ባሕር ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ጌኖቬፋ። «ውሃ እያፈላሁ ነው።»

«እዚህ ላይ?»

«የእናንተው ተከልክሏል።»

አኒየላ ኩባያዎቹን አየች። መስኮቱ ላይ ያለውን ወረቀት አየች። ከዚያ መወልወያዋን እንደ ጦር ይዛ ወደ ኮርዲያን ሄደች።

«ልጄ፣ ይህን ወለል አንተ ነህ የምትወለውለው?»

«አኒየላ፣ ደንቡ እኮ...»

«ደንቡን በአንድ እጅህ ያዝ፤ ይሄን ደግሞ በሌላው!» መወልወያውን አስታቅፋው ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ ስትመለስ የጥጃ ጭንቅላት የሚያክል ማንቆርቆሪያ ተሸክማ ነበር። እየዞረች፣ እየተሳደበች፣ ለሁሉም ቀዳች። ለወይዘሮ ጌኖቬፋ ፔርሙሱን እስከ አፉ ሞላችላቸው። ሕዝቡ አጨበጨበ።

እዚህ ላይ «ወይዘሮ ጌኖቬፋ ዕንባ ተናነቃቸው» ብል ደስ ይላችሁ ነበር። ቁልቁለቱን ስንወርድ አንድ ጊዜ ፉት አሉና ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«አልፈላም።»

«ምን?»

«ሞቀ እንጂ አልፈላም። ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ አልሰማሁም።»

እዚያው በረዶው ውስጥ ገፍቼ ልጥላቸው ምንም አልቀረኝም።

ዘንድሮ ወይዘሮ ጌኖቬፋ ተራራ አልወጡም። የጉልበታቸው ጅማት ተበጥሶ ቤት ተቀምጠዋል። እኔ በየእሁዱ ብቻዬን እወጣለሁ። ወረቀቱ አሁንም መስኮቱ ላይ ነው። አኒየላ ካለች ውሃው ይመጣል፤ ከሌለች ኮርዲያን በጣቱ ወረቀቱን ያሳያል። እኔ ደግሞ ጯሂ አይደለሁም፤ «ከምን ጋር?» ሲለኝ ባዶ ፔርሙሴን ይዤ ከሰልፉ እወጣለሁ። እኚያ ነገረኛ ሴት የሌሉበት ማረፊያ ጸጥ ብሏል፤ ጸጥታው አልወደድኩትም።

በየእሁዱ ማታ ይደውላሉ።

«ጠየቅሽ?»

«ጠየቅሁ።»

«ሰጡሽ?»

«አኒየላ ሰጠችኝ።»

«ሌላ የጠየቀ ሰው ነበር?»

«እኔ ብቻ ነኝ» እላለሁ። እሳቸውም ያቃስታሉ። የሚያቃስቱት ከጉልበታቸው ይሁን ከነገሩ አይታወቅም።

«አንቺ ብቻሽን ስትጠይቂ የሚሰጡሽ ውለታ ነው» አሉኝ ባለፈው እሁድ። «ሁሉም ሲጠይቅ ነው ሕግ የሚሆነው።»

እንግዲህ እናንተ በበረዶ ወራት ወደዚያ የምትወጡ ሁሉ፣ ኪሳችሁ የሾርባም የኬክም ቢኖረው፣ ውሃ ባያሰኛችሁም፣ ስለ እሳቸው ብላችሁ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ከመስኮቱ ፊት ቁሙና የፈላ ውሃ ጠይቁ። ከኋላ ያለው ሰልፈኛም እንዲሰማ፣ ጮክ ብላችሁ።