ወሰን የገፋው ውኃ

ጣናን እወዳለሁ የሚል ሰው ስታገኙ ፍሩ። መስኮቱን ወደ ሐይቁ ከከፈተ የሽንት ቤቱንም ቱቦ ወደዚያው ይቀጥላል። ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ ከእነዚህ ወዳጆች አንዱ ናቸው። ፍርስራሽ እያስደፉ አጥራቸውን ወደ ውኃው ሲያስጠጉ ኖሩ። አንድ ክረምት ሐይቁ ሞልቶ ሳሎናቸው ገባ። ጠሩኝና፣

«ወሰን ገፍቶብኛል፤ ትመሰክርልኛለህ?» አሉኝ።

«ማን ነው የገፋብዎ፣ ጋሼ?»

«ውኃው ነዋ።»

ሳቄን ዋጥሁት። ለመሆኑ ሐይቅ በየትኛው ችሎት ይቆማል?

ሳይከሱትም ረቱት። ዘንድሮ ሐይቁ በደለልና በእምቦጭ አረም ታንቆ ሸሸ፤ ዓሣ የማጠምድባት ጀልባዬም ጭቃ ላይ ቀረች። ትናንት ጋሽ ደምሴ ከጀልባዬ ማዶ ችካል ሲተክሉ አገኘኋቸው።

«ጀልባህን አንሣልኝ» አሉኝ፤ «ወሰን ገፍተሃል።»