ወደ ኮተቤ የተሰለፉት ታክሲዎች

እውነቴን ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ ከተገኘሁ ምላሴን ቁረጡት። ካላመናችሁ ባለቤቴን ስንዱን ጠይቋት፤ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቤ ነበረች።

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ። ሕልም ስል እናንተ የምታዩትን ቁርጥራጭ ማለቴ አይደለም። የእኔው አዲስ አበባን ከነሕዝቧ የያዘ፣ ከሜክሲኮ ተነስቶ ኮተቤ ድረስ የሚዘልቅ ነው።

ሜክሲኮ አደባባይ ቆሜአለሁ። ሰው አልተሰለፈም፤ የተሰለፉት ታክሲዎቹ ናቸው። አራት መቶ ታክሲ እኔን አንድ ሰው ይጠብቃል! እኔም ደረቴን ነፍቼ «ኮተቤ! ኮተቤ!» እያልኩ እጣራለሁ። ረዳቶቹ በየመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ይለምኑኛል።

«ጋሼ፣ እኔን ይምረጡኝ! ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፌ!»

«ሞልቻለሁ» አልኩት። «ቀጣዩን ጠብቅ።»

«በትርፍም ቢሆን ይያዙኝ!»

አሳዘነኝና ተሳፈርኩለት።

አፌ ለምን ኮተቤ እንዳለ ግን አላውቅም። ኮተቤ የታላቅ ወንድሜ የደጀኔ ሰፈር ነው፤ ሦስት ዓመት ረግጬው አላውቅም። በእህታችን ልጅ ሠርግ ላይ፣ በልጅነቴ ክረምት የሞላውን የቀበና ወንዝ ሰንጥቄ የሰመጠ ሰው እንዴት እንዳወጣሁ ለሺህ እንግዳ ስተርክ፣ ወንድም ጋሼ ሳህኑን አስቀመጠና «የሰመጥከው አንተ፣ ያወጣሁህ እኔ» አለኝ። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ አልተነጋገርንም። አሁን ልቡን ታሟል። ዛሬ ጠዋት በሦስት ሰዓት ለቀዶ ሕክምና ከቤቱ ይወስዱታል፤ ሐኪሞቹም ይተርፋል ብለው አልማሉም። ይሄኛው ሕልም አይደለም።

ታክሲው በረረ። መንገድ ላይ አንድ የወረዳ ኃላፊ ማኅተሙን ታቅፎ ቆሎ የምትሸጥ ሴትዮ ፊት ቆሞ ፀሐይ ይመታዋል። «ነገ ተመለስ» አለችው፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው።

መገናኛ ላይ ትራፊኩ አህያ ነበር። ሰዎች ሲሚንቶ ተሸክመው ጎንበስ ብለው ያልፋሉ፤ አህዮች ከኋላ ይነዷቸዋል። ትራፊኩ ፊሽካውን ነፋና አስወረደኝ።

«ምን ጭነሃል?»

«ምንም።»

«ጎብጠሃል እኮ!»

ጀርባዬን ብዳስሰው እውነትም አንድ ነገር አለ። አንዲት ቃል ናት፤ «ይቅርታ» የምትባለዋ።

«ከመቼ ጀምሮ ተሸከምካት?» አለ አህያው።

«ሦስት ዓመት።»

ተቀብሎ ሊያነሳት ሞከረ። አቃተው። «ዕድሜዬን በሙሉ አሸዋና ድንጋይ ስሸከም ኖሬአለሁ» አለኝ፣ ጆሮውን ጥሎ። «ይህችን ግን አልችላትም። ሂድ፣ ለባለቤቷ አድርስ።»

ኮተቤ ስደርስ ጎህ ይቀድዳል። የወንድሜ በር ላይ ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተሰብስበዋል፤ ልክ መርዶ ሊያረዱ እንደመጡ። የዕድሩ ዳኛ ክንዴን ያዙኝ።

«ጠንከር በል፣ ወንድ አይደለህ!»

«ይንገሩኝ!»

«ወንድምህ…» አሉና እንባቸው ቀደማቸው። «ወንድምህ አለ።»

«ምን አሉኝ?»

«በሕይወት አለ። ምንም ማድረግ አልተቻለም። ይኸው ገንፎ እየበላ ነው።»

ሴቶቹ «አለልህ! ወንድምህ አለልህ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። እኔም መሬት ላይ ተፈጠፈጥኩ። እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም፤ ጩኸቴ ሰንዳፋ ድረስ ተሰምቷል።

ወንድም ጋሼ ከንፈሩ ቅቤ እንደነካው ብቅ አለ።

«ይሄ ወንድሜ ነው» አለ። «ከቀበና ወንዝ ያወጣኝ እሱ ነው።»

ኮተቤ በሙሉ አጨበጨበ። ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ጭብጨባ ነበር። ነገር ግን ጀርባዬ ላይ ያለችው ቃል ይበልጥ ከበደችኝ። «አይደለም፣ ወንድም ጋሼ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቃሏም ጉሮሮዬ ላይ ደረሰች።

ነቃሁ።

ይህን ሁሉ ጠዋት ለስንዱ ነገርኳት። ሻይዋን ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«መቼ ተኝተህ?» አለች ቀስ ብላ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሌሊቱን ሙሉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ስልኩን ስታገላብጥ ነበር። ሁለት ጊዜ ደውለህ ሳይጠራ ዘጋኸው። እኔም አልተኛሁም።»

ጫማዬን ከአልጋው ሥር አውጥታ እግሬ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ተነስ። አንድ ሰዓት ሆኗል፤ የኮተቤ ታክሲ ሰልፉ ረጅም ነው።»