ጋሽ እምሩና የእኔ መንጋጋ

አዲስ አበባ ውስጥ ብቻውን ታክሞ የዳነ ሰው የለም። ሐኪም ቤት ልሂድ ያለ ሁሉ፣ ሳይጠሩት ተነስቶ ኮቱን የሚለብስ አንድ ጎረቤት አለው። ይህ ሰው ወረፋ ይይዛል፤ ሐኪሙ "ምንዎን ነው የሚያምዎ?" ብሎ ሲጠይቅም ከታማሚው ቀድሞ ይመልሳል።

በእኛ ሰፈር ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ጋሽ እምሩ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ መሬት ሲቀይሱ ኖሩ፤ ከዚያ ወዲህ የአራዳን ሕዝብ ሆድ ዕቃ እየቀየሱ ነው። ንግግራቸው ሁሉ "እኔን ስማኝ" ብሎ ይጀምራል። ጎረቤታችን እትዬ አልጋነሽ የሐሞት ጠጠር ያስወጡ ጊዜ፣ ጋሽ እምሩ ጠጠሩን በክብሪት ቀፎ ይዘው ፒያሳ ላለ ማኪያቶ ጠጪ ሁሉ ሲያሳዩ ሰነበቱ። እትዬ አልጋነሽ ያዩት ከሁሉም በኋላ ነው።

እኔ ከእሳቸው ተደብቄ ነበር። በግራ በኩል ከታች አራት ጥርስ የለኝም። ዛሬ ነገ ስል አሥራ አምስት ዓመት አለፈ። ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ፤ ፎቶ ስነሳ ከንፈሬን እገጥማለሁ። በመጨረሻ ጨክኜ ቸርችል ጎዳና ያለ ክሊኒክ ሄድኩና ጥርስ ትከሉልኝ አልኩ። ዶክተር ሰገን ራጁን አየችው።

"የመንጋጋዎ አጥንት መንምኗል። ጥርሱን የሚሸከመው ብሎን የሚይዝበት የለውም። መጀመሪያ አጥንት እንጨምርበታለን፤ እስኪጠነክር ስድስት ወር እንጠብቃለን።"

በገዛ እጄ ችላ ብዬ ያመነመንኩት አጥንት ነው። ይህ ለማን ይወራል?

ቀጠሮዬ ዐቢይ ጾም ላይ ዋለ። ማለዳ ሹልክ ብዬ ስወጣ ጋሽ እምሩ ኮታቸውን ለብሰው በሬ ላይ ቆመዋል። እንዴት እንደሰሙ አልጠየቅኩም።

"ቃለጽድቅ፣ እኔን ስማኝ፣ አጥንት ቀልድ አይደለም" ብለው ተከተሉኝ።

ክሊኒኩ ጢም ብሏል። ዶክተር ሰገን ብቅ ስትል ጋሽ እምሩ ብድግ አሉ።

"ዶክተር፣ የምትጨምሪለት አጥንት የምንድን ነው?"

"የከብት ነው አባባ። ተጣርቶ ዱቄት የሆነ ነው።"

ጋሽ እምሩ አማተቡ። "በሁዳዴ? የከብት አጥንት አፉ ውስጥ?"

ወዲያው ለንስሐ አባታቸው ደወሉ። ጆሯቸው ስለሚከብድ የስልኩን ድምፅ ለቀቁት። የትኞቹ ጥርሶቼ እንደሌሉ፣ ስንት ዓመት እንደቆየሁ፣ መንጋጋዬ እንዴት እንደሟሸሸ አንድም ሳያስቀሩ አስረዱ። አባ "ሕክምና እኮ ነው እምሩ፤ ወጥ ሊሠራበት ነው እንዴ?" አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ወለሉን አየሁ። ካርድ የምታወጣዋ ሴት ሳቋን እየዋጠች "አባትዎ ናቸው?" አለችኝ።

"አላውቃቸውም።"

ጆሯቸው ይከብዳል ያልኳችሁ ሰው ይህችን ሰሟት። ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱና አንድ ቃል ሳይናገሩ ወጡ። ጋሽ እምሩ ዝም ሲሉ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

ወንበሩ ላይ ተጋድሜ ሲቆፍሩኝና ሲሰፉኝ የማስበው ያቺን ቃል ነበር። እናቴ የታመመች ጊዜ፣ እኔ ሥራ ሥራ ስል፣ በየቀጠሮዋ ደግፈው የወሰዷት እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜም እየጮኹ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አላፈርኩባቸውም።

ስወጣ አፌ በፋሻ ተወትፏል፤ እንዳልናገርም ታዝዣለሁ። ቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ የሚወጣ ታክሲ በር ላይ ስጋፋ፣ ከኋላዬ የማውቀው ድምፅ ተሰማ።

"ይህን ሰውዬ አላውቀውም! ግን አፉን ታሟል፣ ቦታ ልቀቁለት!"

ቦታ ተለቀቀልኝ። እሳቸውም አጠገቤ ተቀመጡ። ከኋላ አንዲት ሴት "ካላወቁት ለምን ይከተሉታል?" አለች።

"እኔን ስሚኝ፣ ዛሬ ነው የተዋወቅነው" አሉና መሐረባቸውን አውጥተው ከአገጬ ላይ ደሙን ጠረጉልኝ።

አገጬ ደንዝዞ መሐረቡ አልተሰማኝም። እፍረቱ ግን እስከ ጆሮዬ አቃጠለኝ። ይቅርታ ልላቸው አፌን ብከፍት ከፋሻው ሥር ማጉረምረም ብቻ ወጣ።

"እኔን ስማኝ፣ ስፌቱ ይላቀቃል፣ አትናገር" አሉኝ ክንዴን ይዘው። "ስድስት ወር አለን አይደል? ቀስ ብለህ ትነግረኛለህ።"