ለኮሚቴው የተያዘ ጋቢ

[ከነቀምቴ ወደ ጉቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች አጭር የድንጋይ ድልድይ። ረፋዱ ላይ ነው፤ ፀሐዩ ከርሯል። መሐንዲሱ ሽብሩ አዲስ ሱፍ ለብሶ የፕላን ጥቅልል በብብቱ ይዟል። ድልድዩን የሠሩት ግንበኞች አለቃ ጂሩ ወፍራም ጋቢ ደርቦ፣ ፌስታል አንጠልጥሎ ቆሟል።]

ሽብሩ፦ አውልቀው አልኩህ እኮ።

ጂሩ፦ አላወልቅም ኢንጂነር።

ሽብሩ፦ ሰው በዚህ ፀሐይ ጋቢ ይለብሳል? ኮሚቴው ሊደርስ ነው። ፎቶ ያነሱናል። ከኋላዬ እንደ ጆንያ ተገትረህ ልትታይ ነው?

ጂሩ፦ ፎቶም ያነሳሉ?

ሽብሩ፦ ታዲያስ። ከፊት ለፊትም፣ ከጎንም።

ጂሩ፦ [ለራሱ] ከጎንም። ይህን ባይሳ አልነገረኝም።

ሽብሩ፦ ምን አልክ?

ጂሩ፦ ምንም። ጋቢው ግን ይቆይ። እዚያ ይበርዳል።

ሽብሩ፦ የት?

ጂሩ፦ የሚወስዱን ቦታ።

ሽብሩ፦ አዳራሹን ነው? ጂሩ፣ ሦስት መቶ ሰው ነው እዚያ ውስጥ የሚታጨቀው። ሙቀቱ እንዳይጥልህ ስጋ እንጂ ስለ ብርድ አታስብ።

ጂሩ፦ ሦስት መቶ ሰው፣ አንድ ክፍል ውስጥ? ዋቃዮ፣ አምላኬ።

ሽብሩ፦ ዘግይቶ የመጣማ ቆሞ ነው የሚውለው።

ጂሩ፦ ባይሳ እኮ በተራ ነበር የምንተኛው ብሎኛል።

ሽብሩ፦ [እየሳቀ] እሱስ እውነቱን ነው። ንግግሩ ሲረዝም የማይተኛ የለም። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ጂሩ፦ ሳሙና። ካልሲ። ዳቦ።

ሽብሩ፦ ዳቦ ለምን? ምሳ እኮ እነሱ ያበላሉ።

ጂሩ፦ የእነሱን ምሳ ባይሳ ቀምሶታል።

ሽብሩ፦ እና ምን አለ?

ጂሩ፦ ጨው የለውም አለ።

ሽብሩ፦ የአንተ ባይሳ ደግሞ መራጭ ነው። ስማኝ አሁን። ሲመጡ አንተ ዝም ነው። ባለፈው ሳምንት ነግሬሃለሁ፤ ኮሚቴ ይመጣል፣ አንተ ዝም በል፣ ዝርዝሩ ለአንተ አይጠቅምም ብዬ። የምናገረው እኔ ነኝ። ፕላኑን እዘረጋለሁ፣ ፋይሉን አቀርባለሁ። ሁለት ኪሎ ይመዝናል ፋይሉ፣ ቢሮ ሚዛን ላይ አውጥቼዋለሁ። ከዚያ እንዲህ እላለሁ። [ጉሮሮውን ይጠርጋል] «ይህ ድልድይ የማያቋርጥ የቅርብ ክትትል ውጤት ነው።»

ጂሩ፦ የማን ክትትል?

ሽብሩ፦ የእኔ ነዋ።

ጂሩ፦ መቼ?

ሽብሩ፦ «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ፣ ዝናብ ሳይል ፀሐይ ሳይል፣ ከድልድዩ ሥር ያልተለየው ባለሙያ…»

ጂሩ፦ ኢንጂነር፣ እርስዎ የመጡት አንድ ቀን ነው። መሠረት ስንቆፍር። ጫማዎን ጭቃ ነካውና ተመለሱ።

ሽብሩ፦ ሁለት ቀን ነው።

ጂሩ፦ ሁለተኛው ምርቃቱ ነው።

ሽብሩ፦ ምርቃትም ቀን ነው። ደግሞ መዝገብ የሚባል ነገር አለ፤ የሳይት መዝገብ። ለሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ቀን «በቦታው ተገኝቻለሁ» ብዬ ፈርሜበታለሁ።

ጂሩ፦ [ክንዱን ይይዘዋል] አደራ ኢንጂነር፣ ይህን ለማንም አይናገሩ። መዝገቡን አይጥሉትም?

ሽብሩ፦ ለምን እጥለዋለሁ? ማስረጃዬ እኮ ነው።

ጂሩ፦ እሱን ነው የምልዎት። ሁሉን ቀን ነበርኩ ካሉ ሁሉ ነገር እርስዎ ላይ ይመጣል። እርስዎ ገና ትንንሽ ልጆች አሉዎት። ባለቤትዎ ወይዘሮ ዘርፈሽስ ብቻቸውን ምን ይሆናሉ? የእኔ ልጆች አድገዋል። እኔ ልሂድ።

ሽብሩ፦ የት ነው የምትሄደው?

ጂሩ፦ ጣቢያ ነዋ።

ሽብሩ፦ የምን ጣቢያ?

ጂሩ፦ የፖሊስ። ባይሳ የሄደበት። ባይሳ የታችኛው ድልድይ አለቃ አልነበረም? ሲወድቅበት እንዲሁ ኮሚቴ መጣ፣ በሁለት መኪና። በሸሚዝ እንደቆመ ነው የወሰዱት። ሃያ ቀን ቆየ። እስከ ዛሬ ያስለዋል። እኔን በሸሚዝ አያገኙኝም።

[ሽብሩ ለአፍታ ያየዋል። ከዚያ ሳቅ ይገድለዋል፤ የድልድዩን የጎን ግንብ ተደግፎ ይስቃል።]

ሽብሩ፦ ወይ ጂሩ! እስካሁን እንደዚህ እያሰብክ ነው የቆየኸው? ሰውዬ፣ ሊሸልሙን ነው የሚመጡት። የሽልማት ኮሚቴ ነው። የዞኑ ምርጥ የግንባታ ሥራ፣ የዞኑ ምርጥ ባለሙያ። ባለፈው ክረምት ጎርፍ የላይኛውንም የታችኛውንም ጠራርጎ ሲወስድ ይቺ ቀጥ ብላ ቀርታለች። ለዚህ ነው።

ጂሩ፦ ለቆመ ድልድይ ኮሚቴ ይመጣል?

ሽብሩ፦ ይመጣል።

ጂሩ፦ ኢንጂነር፣ ሃያ ስድስት ዓመት ድንጋይ ስጠርብ ይህን አይቼ አላውቅም። ሲወድቅ ነው መኪና የሚመጣው። ከቆመማ ማን ያየዋል? ሰው በላዩ ያልፋል፣ አህያ ያልፋል፣ ባጃጅ ያልፋል። አንድ ሰው እንኳ ቁልቁል አይቶ ይህን ድንጋይ ማን ገጠመው ብሎ አያውቅም። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?

ሽብሩ፦ ብነግርህ ሠፈር ለሠፈር ታወራለሃ። «እኔ ነኝ የሠራሁት» ትላለህ። ሽልማት ደግሞ መልክ ይፈልጋል። የተማረ ሰው መድረኩ ላይ ሲወጣ ነው የሚያምረው።

ጂሩ፦ [ቀስ ብሎ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል] ማል ጎና። ምን ይሻላል አሁን?

ሽብሩ፦ ምን ሆንክ?

ጂሩ፦ ትናንት አንዲት ሴት መጥታ ነበር። ሲና ትባላለች። ከኮሚቴው ነኝ አለችኝ።

ሽብሩ፦ ኮሚቴው ዛሬ ነው የሚመጣው።

ጂሩ፦ እሷ ቀድማ መጣች፣ በባጃጅ። ማንም ሳይዘጋጅ ልየው ብዬ ነው አለች።

ሽብሩ፦ ለምን አልነገርከኝም?

ጂሩ፦ ዝም በል ብለውኝ የለ?

ሽብሩ፦ ለእነሱ ነው ዝም በል ያልኩህ!

ጂሩ፦ ለኮሚቴ ዝም ማለት ጥፋት ነው። ባይሳን መጀመሪያ የያዙት ዝም ስላለ ነው።

ሽብሩ፦ ምን አልካት ታዲያ?

ጂሩ፦ እርስዎን ለማዳን ነው፣ ዋቃ ምስክሬ ነው።

ሽብሩ፦ ጂሩ፣ ምን አልካት?

ጂሩ፦ ኢንጂነሩ ምንም አያውቁም አልኳት።

ሽብሩ፦ ስለ ድልድዩ ነው ወይስ በጥቅሉ?

ጂሩ፦ በጥቅሉ ነው ያልኩት። ሌላም ነገር እንዳይጠይቁዎት ብዬ።

[ሽብሩ ከረባቱን ያላላል።]

ጂሩ፦ ፕላኑ ላይ የሌለውን ሁሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ቅጣት ካለም የእኔ ነው አልኳት።

ሽብሩ፦ ፕላኑ ላይ የሌለ ምን አለ?

ጂሩ፦ ቦታው።

ሽብሩ፦ የምን ቦታ?

ጂሩ፦ የድልድዩ። የእርስዎ ፕላን እዚያ ታች ዋርካው ሥር ይላል። እዚያ ደግሞ ነሐሴ ላይ ወንዙ ይገለበጣል፤ መሬቱም ሲቆፍሩት ጭቃ ብቻ ነው። እኔ ሠላሳ እርምጃ ወደዚህ አመጣኋት። እዚህ ሥሩ ዐለት ነው። ዋርካው ሥር ሠርተናት ቢሆን ባለፈው ክረምት ሄዳ ነበር።

[ሽብሩ ፕላኑን ይዘረጋል። ዋርካውን ያያል። ፕላኑን ያዞራል። ደግሞ ያዞራል።]

ሽብሩ፦ እኔ እኮ ይህን ፕላን ነው ዛሬ ፊታቸው ልዘረጋ የነበረው። በምርቃቱ ዕለት ለምን አልነገርከኝም?

ጂሩ፦ መቀስ ይዘው ነበር። ደስ ብሎዎት ነበር። ላስከፋዎት አልፈለግኩም።

ሽብሩ፦ ቆይ፣ ቆይ። አሁንም አልመሸም። አንተ ያልከው ቃል ብቻ ነው፣ እኔ መዝገብ አለኝ። ማስረጃ የለህም።

ጂሩ፦ ኤዬ፣ እሷም እንደዚያ አለች። ያለ ማስረጃ አልቀበልም አለች። ስለዚህ ሰው ጠራሁላት።

ሽብሩ፦ ማንን?

ጂሩ፦ መንደሩን። ገመቺስ መጣ፣ ታፋ መጣ፣ ጂሬኛ ከነጎረቤቶቿ መጣች። አርባ ሰው ፈረመልዎት።

ሽብሩ፦ ፈረመልኝ? ምን ብሎ?

ጂሩ፦ «ኢንጂነር ሽብሩ የሚባሉትን ሰው በዚህ ድልድይ ሥራ ላይ አይተናቸው አናውቅም፤ ንጹሕ ናቸው» ብሎ። ጂሬኛ ትንሽ ልታበላሽብን ነበር፣ ምርቃት ላይ ኬክ ሲቆርሱ አይቻለሁ ብላ። ቶሎ ዝም አሰኘኋት።

[የሽብሩ ስልክ ይጮኻል። ስሙን አይቶ ሱፉን ያስተካክላል።]

ሽብሩ፦ አቤት፣ ወይዘሪት ሲና። አዎ፣ ድልድዩ ላይ ነኝ። … አትመጡም? ትናንት ያዩት በቂ ነው? … አዎ፣ እሱም አለ፣ አጠገቤ። … ምርጥ ባለሙያ፣ ገባኝ። … አዎ፣ ዐለቱን እኔም አሁን ነው የሰማሁት። … በእኔ መኪና? አመጣዋለሁ። … እኔስ? … መዝገቡን? … ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱንም ገጽ? … ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ቢሮ። … እነሱ ሌላ ኮሚቴ ናቸው? … እሺ። [ስልኩን ይዘጋል።] ኦቦ ጂሩ።

ጂሩ፦ ምነው፣ ዛሬ «ኦቦ» ብለው አከበሩኝ?

ሽብሩ፦ ይነሱ፣ እንሂድ። ሽልማቱ ለእርስዎ ነው። መድረክ ላይ ይጠሩዎታል፣ እርስዎም ስለ ዐለቱ ይናገራሉ።

ጂሩ፦ [ድልድዩን ቁልቁል ያያል] ለዚህች ድልድይ ሰው ሊያጨበጭብላት ነው ማለት ነው። እርስዎስ?

ሽብሩ፦ እኔን ሌላ ኮሚቴ ይፈልገኛል። ኦቦ ጂሩ፣ እዚያ ሲደርሱ እባክዎ፣ ቢያንስ አንድ ወር ያህል አይቼዋለሁ ቢሉልኝ።

ጂሩ፦ ኢንጂነር ኮ፣ የእኔ ጌታ፣ እንዴት አድርጌ? አርባ ሰው አስፈርሜ?

[ጂሩ ጋቢውን ቀስ ብሎ ያወልቃል። አጥፎ በሽብሩ ሱፍ ላይ ይደርብለታል። ፌስታሉን ያስይዘዋል። የራሱን ሸሚዝ ኮሌታ ያቃናል።]

ጂሩ፦ ለፎቶ አውልቀው ብለውኝ ነበር፣ ይኸው አወለቅኩ። ዳቦውን ግን ቶሎ አይጨርሱት። ባይሳ ሃያ ቀን ነው የቆየው።