አባቴን ያወፈርኩባት ቁልፍ

የሰው ልጅ ባዶ ቦታ አይወድም። አዲስ ቁም ሣጥን የገዛ ሰው ልብስ ባይኖረው እንኳ አሮጌ ካርቶን ይከትበታል እንጂ ባዶውን አያሳድረውም። የሚኒባስ ረዳት አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ካየ ሁለት ሰው ይጠራል። ወሬ ላይም ያው ነን፤ ለአፍታ ዝም ከተባለ አንዱ ተነስቶ ስለ ሙቀቱ ማውራቱ አይቀርም። እኔ ደግሞ በዚህ በሽታ ከሁሉም የባስኩ ነኝ። ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ነው! ሀርጌሳ ውስጥ ሴራሚክ ሳነጥፍ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ጥግ ላይ ሁለት ጣት ክፍተት ከተረፈ ሴራሚክ ቆርጦ መሙላት እንጂ «ይሁን» ብሎ መሄድ በእኛ ሙያ ነውር ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝቶ በግራና በቀኝ ሁለት ጥቁር ግርዶሽ ሲያይ ምን ይሁን?

ቴሌቪዥኑን የገዛሁት ኳስ ላይበት አልነበረም፤ ሚስት ላገባበት ነው። አትሳቁ። ሰናይት የምትባል የድሬዳዋ ልጅ አለች፤ እዚሁ ሀርጌሳ፣ ኮድቡር የሚባል ሰፈር በሰው ቤት ትሠራለች፤ ሳቋ ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል። አገር ቤት ቢሆን ሽማግሌ እልካለሁ፤ የማን ልጅ ነው ሲባልም ሰፈሩ ይመሰክርልኛል። እዚህ ማን ይመስክርልኝ? አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ካረፈ ቆየ። በዕድሜ የሚበልጠኝ የማውቀው ሰው ቢኖር ሲሚንቶ የሚያቦካልኝ ተስፋዬ ነው፤ እሱም ሽማግሌ የሚያሰኘው የጥርሱ ማለቅ ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ እዚህ ያለን ሰዎች አንድ ልማድ አበጅተናል፤ ቤተሰብህን በቪዲዮ ታሳያለህ። እኔም የእኅቴ ሠርግ አለኝ፤ በካሴት ተቀርጾ፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ የተሰደደ። አባቴ እዚያ ውስጥ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ሲቀበል ይታያል። ይህንን የሚያዩት የሰናይት አጎት ጋሼ በየነ ናቸው። አባቷን ተክተው ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ፣ እሳቸው እሺ ካሉ እሺ ነው፤ እምቢ ካሉም አለቀልኝ። ዓርብ በጅጅጋ በኩል እንደሚመጡ ተነገረኝ።

ረቡዕ ከሥራ መልስ ፍላሹን ስሰካ ነው እንግዲህ ጉዱ የታየው። ሠርጉ መሀል ላይ ተኮራምቷል፤ ከግራና ከቀኙ የጨለማ ግድግዳ ቆሟል። ተታለልኩ ብዬ ወደ አብዲ ሱቅ ከነፍኩ። አብዲ ቴሌቪዥኑን የሸጠልኝ፣ ጅጅጋ ያደገ የሀርጌሳ ሰው ነው፤ አማርኛው ከእኔ የጠራ። የቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ጎን አይሠራም ብዬ ስጮህበት እስክጨርስ ጠበቀኝና፣ ወላሂ ቲቪው ጤነኛ ነው፣ ጠባቡ ያንተ ቪዲዮ ነው አለኝ። የድሮ ምስል ወርዱ አራት ከሆነ ቁመቱ ሦስት ነው፤ የአሁኑ ቲቪ ደግሞ አሥራ ስድስት በዘጠኝ ነው። ምስሉ ከላይ እስከ ታች ሲሞላ ወደ ጎን አይደርስም፤ ያልደረሰበት ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የሲኒማ ፊልም ደግሞ ከቲቪውም ስለሚሰፋ ጥቁሩ ከላይና ከታች ይሆናል። ጥቁሩ ምንም አልወሰደብህም፣ ተወው አለኝ። አልገባውም ብሎ በሙያዬ መጣብኝ፤ እኩል ጎን ያለውን ሴራሚክ ረዘም ያለ ቦታ ላይ ብታስቀምጠው ጎንና ጎኑ አይተርፍም ወይ? ይተርፋል እንጂ! ግን የትኛው ባለሙያ ነው ትርፉን ትቶ የሚሄደው? ይህን ስለው ከልቡ ሳቀና፣ ወንድሜ፣ ምስሉን እንዳትለጥጠው፣ ሰው ይበላሽብሃል ብሎ ሸኘኝ።

ምክር ሰምቼ አውቃለሁ እንዴ? ቤት ገብቼ ሪሞቱን አነሳሁ፤ «ፉል»፣ ሙሉ ማለት ነው፣ የሚል አገኘሁ፤ ተጫንኩት። ግርዶሹ ጠፋ። ከዳር እስከ ዳር ሠርግ ሆነ። አባቴ፣ በሕይወቱ ቀበቶው አልጠብቅ ብሎት በሚስማር ሦስት ቀዳዳ የጨመረ ቀጭን ሰው፣ ትከሻው ሰፍቶ፣ ደረቱ ተነፍቶ የአውራጃ ገዥ መሰለ። እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። በሕይወቱ ያላበላሁትን በአንዲት ቁልፍ አበላሁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼው ነው፤ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ዓርብ ጋሼ በየነ ከሰናይት ጋር እኔ ቤት መጥተው፣ ምሳ በልተው ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ፣ ዓይናቸው መንገድ የለመደ ሰው ናቸው። አባቴን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቴን ሲያዩ «የጠገበ ቤት ነው» አሉ። ሰናይት በጎን አየችኝ። በልቤ ሠርጌን ደግሼ ጨርሻለሁ። ከዚያ እኔ ብቅ አልኩ፤ የዚያን ጊዜው እኔ፣ እኅቴን አጅቤ፣ ፊቴ ድፎ ዳቦ አክሎ።

ጋሼ በየነ ቴሌቪዥኑን አዩ፤ እኔን አዩ። ደግመው ቴሌቪዥኑን አዩ፤ ደግመው እኔን። ይሄ አንተ ነህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ ጋሼ አልኳቸው። ታዲያ ምን አገኘህ? ምንም፣ ደህና ነኝ። እንደሌለሁ ቆጥረው ወደ ሰናይት ዞሩና፣ «ይሄን ልጅ ጫት ጨርሶታል» አሉ። መንገድ ላይ የጫት መኪና እንደ አምቡላንስ ሲበር አይተው መጥተዋል፤ ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ጉንጩ ሲያብጥ አይተዋል። እንዲህ ሲያልቁ ያየኋቸው ረዳቶች ስንት ናቸው፣ ልጄን ለሚያልቅ ሰው አልሰጥም አሉ። የፈጠረኝ ያውቃል፣ ጫት በአፌ ዞሮ አያውቅም! ግን የገዛ ቪዲዮዬ እየመሰከረብኝ ማን ይመነኝ? የሰናይት ዓይን እንባ አቀረረ። ያን ጊዜ እውነትም ፈራሁ።

የሚያዋጣው እውነቱን መናገር ነው ብዬ ቁልፏን ጠቅሼ ተናዘዝኩ፤ ምስሉንም ወደነበረበት መለስኩ። ግርዶሹ ተመለሰ። ዘመድ አዝማዴ በአንድ ጊዜ ከሳ። ጋሼ በየነ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ ጭራሽ አሁን ደግሞ ጨመቅካቸው! በሁለት ጥቁር ግድግዳ መሀል አጣብቀህ ሰውን ቀጭን አድርገህ እኔንም ታታልላለህ ወይ አሉ። እስቲ አሁን ምን ይባላል? አራት በሦስት፣ አሥራ ስድስት በዘጠኝ እያልኩ ስንተባተብ፣ እኔ ለራሴም የገባኝ አልመሰለኝም።

ያዳነችኝ ሰናይት ናት። «ጋሼ፣ የሙሽራዋን መኪና ጎማ ይዩማ» አለች።

ጎማ ሲባል ጋሼ በየነ መነጽራቸውን አወጡ። ምስሉን አስቆምኩት። «አስፋው» አሉኝ፤ አሰፋሁት፤ ጎማው እንቁላል ሆነ። «መልሰው» አሉ፤ መለስኩት፤ ጎማው ድቡልቡል አለ። አምስት ጊዜ አሰፉኝ፣ አምስት ጊዜ አስመለሱኝ። በመጨረሻ ቴሌቪዥኑ ጋ ተጠግተው በጣታቸው ዞሩበትና፣ ያኛው ጎማ አንድ ሜትርም አይሄድ፣ እውነተኛው ይሄ ነው ብለው ፈረዱ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ እና አንተ ድሮም ቀጭን ነበርክ አሉኝ። ድሮም ጋሼ። አባትህም? አባቴም። «ይሁን፤ ከጥንቱ ከሌለው ሰው ላይ ጫት ምን ይወስዳል?» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ሰናይት እልል ስትል ጎረቤቶቹ በር ላይ ወጡ። ቅዳሜ ዕለት ለአብዲ ነግሬው እስኪያነባ ሳቀብኝ፤ ይገባኛል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምንኛ በወደድኩ። ያን ዓርብ ግን ጋሼ በየነ ሊሄዱ ሲነሱ ስልካቸውን አወጡ። የሰናይት እናት ወገቧን ስለሚያማት መንገድ አትችልም፤ ለእሷ ቀርጬ ልውሰድላት አሉ። ደስ እያለኝ ቪዲዮውን ከፈትኩ። ቀና ብለው፣ «ያችን ሰፊዋን አድርጋት» አሉኝ።

ጋሼ፣ ያ ውሸት እኮ ነው፣ አሁን አይደለም እንዴ በጎማ ያረጋገጥነው አልኩ።

«አውቃለሁ ልጄ። እናቷ ግን ቀጭን አማች አትወድም፤ ጎማ ደግሞ አታውቅም።»

ቀረጹት። ወሰዱት። እናቷ አይታ ለሰፈሩ ሁሉ አሳየች፤ እግዚአብሔር ደልዳላ ሰው ሰጠን ብላ ተደሰተች፤ የሠርጉን ካባ በዚያ ትከሻ ልክ አሰፋችልኝ። እናም ይኸውላችሁ፣ እበላለሁ። ጠዋት የግመል ወተት፣ ቀን ሩዝ ከፍየል ሥጋ ጋር፣ ማታ ሰናይት ቋጥራ የምትልክልኝን። ሳምንት ሙሉ ታግዬ ያመጣሁት ለውጥ ቢኖር ቃር ብቻ ነው። ሠርጉ ድሬዳዋ ላይ የጥምቀት ማግስት ነው፤ የገና ጾም ደግሞ ሰኞ ይገባል።