እሳት ያጣችው ቀይ መኪና

(ጋራዥ። ኮፋኖዋ የተከፈተ አሮጌ ቀይ የስፖርት መኪና። ሳይጠየቅ ስለሚመልስ ቤተሰቡ «ሊቁ» የሚለው ታላቅ ወንድም ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሏል። ታናሹ፣ «ፈዜ»፣ መሪው ጋ ተቀምጧል።)

ሊቁ፦ እርርር ነው ያለችው!

ፈዜ፦ ኧረ ክርርር ነው ጋሽዬ።

ሊቁ፦ እርርርን ከክርርር ሳይለይ መሪ የሚጨብጥ ሰው! በሁለቱ መሃል ስንት እውቀት እንዳለ ታውቃለህ?

ፈዜ፦ አላውቅም። ስንት አለ?

ሊቁ፦ አሁን ጊዜው አይደለም። ድገማት!

(ፈዜ ቁልፉን ያዞራል። ሞተሩ ክርርር ብሎ ይቀራል።)

ሊቁ፦ ሰማህ? እርርር!

ፈዜ፦ ሰማሁ። ክርርር ነው።

ሊቁ፦ አታድርቀኝ! ገዢው ከምሳ በፊት ይደውላል። አባባ ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታል ሳይወጣ ይቺ መኪና ከዚህ ግቢ ውልቅ ማለት አለባት። እሱ ከመጣማ ማን ያሸጠናል?

ፈዜ፦ በሷ መጥታችሁ ውሰዱኝ ብሏል እኮ። አልጋው ላይ ሆኖ ከኔ ጤና በፊት የሷን ነው የሚጠይቀኝ። ሲያጣት ምን ይውጠዋል? አንጀቴን ነው የሚበላኝ።

ሊቁ፦ በዚህ ዕድሜው በስፖርት መኪና! ያውም ሁለት ወንበር ብቻ ያላት! አንዱ ነዳ፣ አንዱ ተቀመጠ፣ ሦስተኛው ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ይህን አስበኸው ታውቃለህ?

ፈዜ፦ አላሰብኩትም ነበር። አሁን ግን ማሰብ ጀመርኩ።

ሊቁ፦ ጎበዝ። በል ውረድና ይህን ገመድ ያዝልኝ። እሳቱን ከሚያመነጨው ከኮይሉ ነው የሚወጣው። እሳት እንዳለው እናያለን።

ፈዜ፦ የት ላይ ነው የምናየው?

ሊቁ፦ ጣትህ ላይ።

ፈዜ፦ (ወደ ኋላ እየሸሸ) በሞቴ! እኔ አምፖል ስቀይር እንኳ ጎረቤት የምጠራ ሰው ነኝ። አልይዝም!

ሊቁ፦ ወይ ፈሪ! እሺ እኔው በጨርቅ እይዘዋለሁ። አንተ አዙር።

(ፈዜ ያዞራል። ጠሽ! ሊቁ ዘሎ ጭንቅላቱን ከኮፋኖው ጋር ያላትማል።)

ፈዜ፦ እሳት አለው?

ሊቁ፦ (የነዘረውን ክርኑን እያሸ) አ... አለው።

ፈዜ፦ እንዴት አወቅክ?

ሊቁ፦ (የኮይሉን ገመድ ወደ ቦታው እየመለሰ) በልምድ! ኮይሉ ደህና ነው ማለት ነው። አሁን ደግሞ እነዚህ ወደ ካንዴላዎቹ የሚሄዱት ገመዶች ይፈተሻሉ። እኔ ላዙር፣ አንተ ጨርቁን...

ፈዜ፦ (ሁለት ገመድ ነቅሎ በባዶ እጁ ጨብጦ) ይኸው ይዣለሁ። አዙር።

ሊቁ፦ አበድክ እንዴ? የቅድሙ ፈሪ የት ሄደ?

ፈዜ፦ በአንተ እውቀት ተማምኜ ነው።

(ሊቁ ያዞራል። ክርርር። ፈዜ ንቅንቅ አይልም።)

ሊቁ፦ ነዘረህ?

ፈዜ፦ ምንም። እንዲያውም እጄን በረደኝ።

ሊቁ፦ አገኘኋት! ካንዴላው ነው የሞተው!

ፈዜ፦ ካንዴላውን እኮ አሁን ጠዋት ነው የቀየርከው። ደግሞ ገመዱ ከካንዴላው ተነቅሎ እጄ ላይ ነው።

ሊቁ፦ ለዚህ ነዋ! አዲስ ካንዴላ አሮጌ ሞተር ውስጥ ሲገባ ይደነግጣል።

ፈዜ፦ ይደነግጣል?

ሊቁ፦ አንተስ አዲስ ሰፈር ስትገባ አትደነግጥም? ቆይ፣ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ይህ ክብ ክዳን ያለው ዲስትሪቢዩተር ይባላል፤ እሳቱን ለየካንዴላው የሚያድለው እሱ ነው። ልክፈተው።

ፈዜ፦ (ደንግጦ) ኧረ እሱን ተወው ጋሽዬ!

ሊቁ፦ ለምን?

ፈዜ፦ እ... እጅህ ይቆሽሻል።

ሊቁ፦ (ከፍቶ እያየ) ዞር በል! ይኸው! ወለል ያለ፣ ንጹህ! አንተ በሕይወትህ እንዲህ ያለ ንጹህ ዲስትሪቢዩተር አይተህ ታውቃለህ?

ፈዜ፦ (ትንፋሹን እየለቀቀ) አይቼ አላውቅም።

(ስልክ ይጮኻል።)

ሊቁ፦ አቤት ጌታዬ... አይ፣ ለጊዜው አልተነሳችም... ማለት የደነገጠ ካንዴላ ነው... ሄሎ? ሄሎ? (ስልኩን እያየ) አልፈልጋትም ብሎ ዘጋብኝ!

ፈዜ፦ ወይኔ። ምን ልናደርጋት ነው?

ሊቁ፦ (ካቻቢቴውን ወርውሮ) እኔን ያቃተችኝ መኪና ለማንም አትነሳም። ይቺ ብትነሳ ከምላሴ ጸጉር ይነቀል! ውሰዳት፣ ከፈለግክ ዶሮ አርባባት። እጄን አንስቻለሁ።

ፈዜ፦ ከመሸጡም?

ሊቁ፦ ከመሸጡም! አባባ ይሙት!

ፈዜ፦ ኧረ እሱ ገና ከሆስፒታል አልወጣም፣ በሌላ ማልልኝ።

ሊቁ፦ እሺ፣ እኔ ልሙት!

ፈዜ፦ እሱ ይሻላል።

(ፈዜ ከኪሱ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ነገር ያወጣል። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ሰክቶ ክዳኑን ይገጥማል፣ ገመዶቹን ይመልሳል፣ ገብቶ ቁልፉን ያዞራል። ሞተሩ ያገሳል።)

ሊቁ፦ (እየጮኸ) ምንድናት እሷ?!

ፈዜ፦ ሮተር ናት። እሳቱን እየዞረች የምታድለው እሷ ናት። አባባ ሆስፒታል ሲገባ፣ «ሌባ ከመጣባት ይቺን ነቅለህ ኪስህ ክተት» ብሎኝ ነበር።

ሊቁ፦ ታዲያ ሌባ መጣ?

ፈዜ፦ እኔ እንጃ። ብቻ ጠዋት ለገዢው ስትደውልለት ሰማሁና ነቀልኳት።

ሊቁ፦ (ወደ መኪናዋ በር እየሄደ) በል ክፈትልኝ፣ አባባን አብረን እናምጣው።

ፈዜ፦ አንዱ ነዳ፣ አንዱ ተቀመጠ፣ ሦስተኛው ሜዳ ላይ ቀረ። አንተው አይደለህ ያስረዳኸኝ? የግቢውን በር ክፈትልኝማ ጋሽዬ!

(መኪናዋ ተፈትልካ ትወጣለች።)

ሊቁ፦ (በጭሱ መሃል ቆሞ፣ ምላሱን በጣቱ እየዳሰሰ) ለካ ክርርር ነበር።